የወደቀ አይመታም

በዚህ ገጽ ላይ ስለ ምርጫ፣ ስለ ሕገ መንግሥትና ስለ ኑሮ ውድነት ማንበብ ለለመዳችሁ የዛሬው ርእሰ ጉዳይ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። ጥሩር ለብሰው፣ ራስ ቁር ደፍተው፣ ጋሻና ሰይፍ ይዘው በአጥር በተከለለ ሜዳ ውስጥ ስለሚፋለሙ የዘመናችን ሰዎች ልጽፍ ነው። ፊልምም ትያትርም እንዳይመስላችሁ፤ ብረቱ እውነተኛ ነው፣ ምቱም እውነተኛ ነው፣ ማን እንደሚያሸንፍም አስቀድሞ የጻፈው የለም። ባልንጀሮቼ ይህን ነገር ሳነሣባቸው ይስቃሉ። «ዶክተር፣ አገር በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ስለ ፈረንጅ ጋሻና ጦር?» ይሉኛል። መልሴ አገር በዚህ ሁኔታ ላይ በመሆኗ ነው የሚል ነው። አንድ ሕዝብ የአባቶቹን የጦር ታሪክ በምን ዓይነት አጥር ውስጥ ሊይዘው እንደሚገባ ካነበብኋቸው ብዙ የፖለቲካ ድርሳናት ይልቅ ያ ሜዳ አስተምሮኛል። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደምጠቅስ ከወዲሁ ላሳስብ።)

ስፖርቱ ዛሬ በብዙዎች ዘንድ «ቡኹርት» ይባላል፤ ቃሉ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወረሰ ነው። «የአገሮች ፍልሚያ» የተሰኘው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ውድድር የተካሄደው በ2010 በዩክሬን፣ በድኒስተር ወንዝ ዳር ባለው የኾቲን ምሽግ ነበር። የተገኙት አራት አገሮች ብቻ ናቸው፤ ሩሲያ፣ ዩክሬን፣ ቤላሩስና ፖላንድ። ይህን ዝርዝር አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ከዚያ በኋላ ውድድሩ በ2012 ወደ ዋርሶ፣ በ2013 ወደ ደቡብ ፈረንሳይዋ ኤግ ሞርት፣ በ2014 ወደ ክሮኤሺያዋ ትሮጊር ተሻገረ፤ የምዕራብ አውሮፓና የአሜሪካ ቡድኖችም ተቀላቀሉ። በ2013 ማኅበሩ ለሁለት ተከፈለና ሌላው ወገን የራሱን ሻምፒዮና በ2014 በስፔን ቤልሞንቴ ግንብ፣ በ2015 ደግሞ በፖላንድ ማልቦርክ ግንብ አካሄደ። በዚህ ረገድ ከእኛ ፓርቲዎች ብዙም አይለዩም።

የቡድን ፍልሚያው ሕግ ለመረዳት ቀላል ነው። አምስት በአምስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በሚበልጥ ቁጥር ይገጥማሉ። የተፋላሚው እጅ፣ ጉልበት ወይም መቀመጫ፣ በአጠቃላይ ከሁለት እግሮቹ ሌላ ማናቸውም የአካል ክፍሉ መሬት ከነካ ወድቋል ይባላል። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ ካለበት አይነሣም፤ ማንም ደግሞ አይመታውም። በጫፍ መውጋት ክልክል ነው። ማጅራት፣ የጉልበት ጓዳ፣ ብልትና የእግር ጫማ አይመቱም። የሰይፉ ጠርዝ ደንዞና ተድበልብሎ ከ2 ሚሊሜትር ያልሳሳ መሆን አለበት። ዳኞቹ ከአጥሩ ውጪ ብቻ ሳይሆን በፍልሚያው መካከል ይቆማሉ፤ «ቁም!» ሲባል የማይቆም ሰው የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ይባረራል። አንድ ዙር ብዙ ጊዜ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ያየው ሰው ግን ሁለት ደቂቃ ለካ ይህን ያህል ረጅም ነው ይላል።

ይህ ሁሉ ሕግ የዘመናዊ ሰው ቅንጦት ይመስለን ይሆናል፤ ነገር ግን ሥሩ ከዚያው ከመካከለኛው ዘመን ነው። በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈረሰኞች ግጥሚያ አጥር አልነበረውም። በመንደርና በማሳ መካከል ይካሄድ ነበር፤ የተማረከም ቤዛ ከፍሎ ይለቀቅ ነበር። በ1216 የእንግሊዝ እንደራሴ ለመሆን የበቃው ዊልያም ማርሻል በወጣትነቱ ሀብትና ስም ያፈራው በዚህ መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያን በ1130 በክሌርሞን ጉባኤ ግጥሚያውን አወገዘችው፤ እገዳው እስከ 1316 ድረስ ጸንቶ ቢቆይም ብዙ የሰማው ሰው አልነበረም። ከውግዘቱ ይልቅ የሠራው ሥርዓት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በእንግሊዝ የወጣ ደንብ ሹል ሰይፍና ጩቤ ከለከለ፤ አንድ ጌታ ይዞት የሚመጣውን ጋሻ ጃግሬ ቁጥር ከሦስት እንዳይበልጥ ወሰነ። እኔን ዘወትር የሚገርመኝ ሌላው አንቀጽ ነው፤ ለመመልከት የሚመጣ ሰው ማናቸውንም መሣሪያ፣ ዱላና ድንጋይ እንኳ ሳይቀር፣ ይዞ እንዳይገኝ ይከለክላል። ደንብ አውጪዎቹ ተፋላሚውን ብቻ ሳይሆን ተመልካቹን ትጥቅ ማስፈታት እንደሚያስፈልግ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት ተረድተውት ነበር ማለት ነው። ዛሬ በየማኅበራዊ መገናኛው ተቀምጦ «በለው!» የሚለውን የዳር ተመልካች ላሰበ ሰው ይህ አንቀጽ ተራ አይደለም።

እርግጥ ሥርዓት ሞትን ፈጽሞ አላስቀረም። የፈረንሳዩ ንጉሥ ዳግማዊ ሄንሪ በ1559 በፈረስ ግጥሚያ ላይ የተሰበረ የጦር ስንጣሪ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ በቀናት ውስጥ ሞቷል።

እኔ ወደዚህ ሜዳ የገባሁት ለዶክትሬት ትምህርት ጀርመን በቆየሁባቸው ዓመታት ነው። ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ የከተማ ክበብ ጋር ያገናኘኝ የጥናት ጓደኛዬ ነበር። ሰይፍ ይሰጡኛል ብዬ ስሄድ ምንጣፍ ላይ ትግል አስጀመሩኝ፤ ለወራት ያህልም ከትግል፣ ከሩጫና የተተከለ ግንድ በእንጨት ዘንግ ከመቀጥቀጥ በቀር ሌላ ነገር አላየሁም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ድሉ ባላጋራን መጣል እንጂ ማቁሰል ስላልሆነ ከሰይፍ አያያዝ በፊት የእግር አቋቋም ይቀድማል። ቀጥሎ ስፖንጅ በለበሰ መሣሪያ ልምምድ መጣ። ብረት የለበስሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤ እርሱም የክበቡን የውሰት ልብስ። ሙሉ የጦር ልብስ ለማሠራት ከሁለት ሺህ ዩሮ በላይ በቀላሉ ይጠይቃል፤ ይህ ደግሞ የአንድ ኢትዮጵያዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር የብዙ ወራት ደመወዝ ነው።

ከሥር በጥጥና በድርብርብ ጨርቅ የተሰፋ ወፍራም ልብስ ይለበሳል፤ በላዩ ጥሩሩ፣ የደረት ብረቱ፣ የክንድና የጭን መሸፈኛው፣ በመጨረሻ ራስ ቁሩ። ሁሉም ተደምሮ ሠላሳ ኪሎ ገደማ ይሆናል። ራስ ቁሩ ሲዘጋ ዓለም ወደ አንዲት ጠባብ ስንጥቅ ትለወጣለች፤ የሚሰማው የገዛ ትንፋሽ ብቻ ነው። ከጎንህ ማን እንዳለ ስለማታይ ጓደኛህን በድምፁና በትከሻው ታውቀዋለህ። በነገራችን ላይ «ጋሻ ጃግሬ» የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ለስድብ ነበር፤ የባለሥልጣን ተላላኪ ለማለት። የጀርባዬን ጠፍር በራሴ እጅ ማሰር እንደማልችል ባወቅሁባት ቀን ግን ቃሉ ክብሩን መለሰልኝ። ማንም ጀግና ብቻውን አይታጠቅም።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ ዋናው ጉዳይ ግን ከዚህ ይጀምራል። በዚህ ስፖርት ያሻህን ለብሰህ አትገባም። የምትለብሰው እያንዳንዱ ነገር ከ13ኛው እስከ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ በእርግጥ ስለ መኖሩ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ቅርስ፣ የመቃብር ሐውልት፣ የብራና ሥዕል፣ ወይም በሙዚየም ያለ ዕቃ። ደግሞም ራስ ቁሩ ከአንድ ዘመን፣ የደረት ብረቱ መቶ ዓመት ርቆ ከሌላ አገር ሊሆን አይችልም፤ ሁሉም ከአንድ አካባቢና ከተቀራረበ ጊዜ መሆን አለበት። «አያቴ እንዲህ ይለብሱ እንደነበር ሰምቻለሁ» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም። «እኔ የእነርሱ ዘር ነኝ» የሚልም እንዲሁ።

የራሴን ልብስ ለማሠራት ባሰብሁ ጊዜ ከክበቡ አባላት አንዱ፣ ክፋት ይኑረው አይኑረው እግዚአብሔር ይወቅ፣ «ጥቁር ሰው በጀርመን ጥሩር ውስጥ ታሪኩን አያፈርሰውም?» ሲል ጠየቀ። ዝምታ ሆነ። ልብስ የሚመረምሩት ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፣ ከመደርደሪያቸው አንድ መጽሐፍ አውጥተው የማግደቡርግን ካቴድራል የቅዱስ ሞሪስን ሐውልት ገለጡ። ሐውልቱ በ1240ዎቹ ገደማ ከድንጋይ የተቀረጸ ነው። ቅዱስ ሞሪስ በትውፊቱ መሠረት ከላይኛው ግብፅ የመጣው የቴባ ሠራዊት አዛዥና ሰማዕት ነው፤ ቀራጺውም ፊቱን ጥርት ባለ ሁኔታ የጥቁር አፍሪካዊ ፊት አድርጎታል። ከራሱ እስከ ጉልበቱ ጥሩር ለብሷል። በጥሩሩ ላይ ደግሞ ከውስጥ የብረት ሰሌዳ የተመታበት ልብስ ይታያል። እንግዲህ የነገሩ ጣፋጭነት እዚህ ላይ ነው። ያ ባለ ብረት ሰሌዳ ልብስ በአውሮፓ ስለ መኖሩ ከሚጠቀሱት ቀደምት ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ሐውልት ነው። ጠያቂው ራሱ ለብሶት የመጣው ልብስ የተሠራው በዚያ ጥቁር ፈረሰኛ አርአያ ነበር። ሽማግሌው አንድ ቃል ሳይጨምሩ መጽሐፉን ዘጉት። እኔም ያንኑ ልብስ አሠራሁ።

ከዚያ ወዲህ ማግደቡርግ ሁለት ጊዜ ሄጄ ሐውልቱ ፊት ቆሜአለሁ። ያች ከተማ በ1631 በሠላሳው ዓመት ጦርነት ተቃጥላ ሃያ ሺህ ያህል ሰው ያለቀባት ናት፤ ሐውልቱ ተርፎ ዛሬ ማስረጃ ሆኖ ይቆማል።

ይህን የምተርከው ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም። ያለፈውን ዘመን መውደድ በራሱ አደገኛ ነው የሚሉ ምሁራን አሉና ነው። ሙግታቸው ባዶ አይደለም። በነሐሴ 2017 በአሜሪካዋ ቻርለትስቪል ከተማ የወጡ ነጭ ዘረኞች የመካከለኛው ዘመን ምልክት የተሣለበት ጋሻ ይዘው ሲሰለፉ ዓለም አይቷል። ከዚያ በባሰ ደግሞ ኢጎር ጊርኪን የተባለው ሩሲያዊ አለ። ይህ ሰው ጥሩር ለባሽ ስፖርተኛ አልነበረም፤ የቅርብ ዘመዱ በሆነው ጨዋታ፣ ማለትም ያለፉ ዘመናትን ጦርነቶች በየልብሳቸው መልሶ በማሳየት ትርኢት ለዓመታት የኖረ ነው። በሚያዝያ 2014 ታጣቂዎች አስከትሎ ወደ ዩክሬኗ ስሎቭያንስክ ገባ፤ የጦርነቱን ምላጭ የሳብሁት እኔ ነኝ ሲልም በኋላ በአደባባይ ተናግሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ የማሌዢያ አውሮፕላን ተመትቶ 298 ሰዎች በማለቃቸው የኔዘርላንድስ ፍርድ ቤት በኅዳር 2022 በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ፈርዶበታል። አጥሩን ጥሶ የወጣ ጨዋታ ማለት ይህ ነው። የድሮ ልብስ ለብሶ የሚጫወት ሰው ጨዋታው ሲያልቅ ልብሱን ያወልቃል፤ ጊርኪን ሳያወልቅ ወደ ሰው ቤት ገባ።

አሁን ወደ ኾቲን ልመለስ። በ2010 በዚያ ምሽግ ሥር ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን እጅግ በሚያስፈራ ኃይል ተቀጣቅጠው፣ ራስ ቁራቸውን አውልቀው፣ ተቃቅፈው ወጡ። የወደቀውን ያነሣው ጣዩ ነበር። በየካቲት 2022 የሩሲያ ጦር ዩክሬንን በሙሉ ኃይል ሲወር ያ ሁሉ አበቃ፤ የሩሲያ ቡድኖች ከዓለም አቀፉ ውድድር ውጪ ሆኑ፣ ብዙ የዩክሬን ተፋላሚዎችም የስፖርቱን ብረት ሰቅለው እውነተኛውን ታጠቁ። ዩክሬን ለዚህ ስፖርት የሚሆን ልብስ ከሚቀጠቀጥባቸው ዋና ዋና አገሮች አንዷ እንደነበረች ያወቀ ሰው የዚህን መራራነት ይረዳል። ታዲያ ስፖርቱ ምን ፋይዳ አመጣ? ብሎ የሚጠይቀኝ አይጠፋም። ጦርነት ያስቀራል ብዬ ቃል አልገባሁም፤ የትኛውም ኳስ ሜዳ ጦርነት አላስቀረም። እኔ የምለው ጦርነቱን ካስነሡት ወገን ዘንድ ታሪክ ማስረጃ የማይጠየቅበት፣ የወደቀ የሚመታበት፣ ዳኛ የሌለበት ዕቃ መሆኑን ነው። በሐምሌ 2021 የሩሲያው ፕሬዚዳንት ስለ ሩሲያውያንና ዩክሬናውያን «ታሪካዊ አንድነት» ያሳተሙት ረጅም ጽሑፍ የቧንቧ ሠራተኛው ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ ኖሮ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይወድቅ ነበር።

ለስፖርቱ ጠበቃ ሆኜ ጉድፉን ልሸፍን አልፈልግም። ራስ ቁር የራስ ቅልን ያድናል እንጂ አንጎል በውስጡ ከመናወጥ አያድነውም፤ በመጥረቢያ በተደጋጋሚ ራሱን የሚመታ ወጣት ዋጋውን በአርባ ዓመቱ ሊከፍል ይችላል። ማኅበራቱ ስለ ልብስ ማስረጃ የሚጨነቁትን ያህል ስለ አንጎል ምርመራ ሲጨነቁ አላየሁም፤ ይህ ነውር ነው። የጣት ስብራትማ እንደ ጉንፋን ይቆጠራል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ፖለቲካዊ ነው። በየሜዳው ሁሉም ሰው ባላባት ነው። ያን ጥሩር በግብሩና በጉልበቱ ያሠራው ገባር የት አለ? ሞፈር ተሸክሞ፣ ማሳው በፈረስ ተረግጦበት ዳር ላይ የቆመውን ሰው ሆኖ ሊጫወት የሚፈልግ የለም። «መሬት ላራሹ» ባለ ትውልድ እጅ ለተማርን ሰዎች ይህ ጎደሎ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። ለሽማግሌው ይህን ባነሣባቸው ጊዜ «እውነት ነው፤ ግን ገበሬው ሐውልት አላሠራም፤ ማስረጃውን ከየት እናምጣ?» አሉኝ። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። የታሪክ ማስረጃ ራሱ በባለ ሀብቶች እጅ እንደሚሠራ ማስታወስ ያስፈልጋል።

እኛ አገርስ? ፈረስ ጉግስ አለን፤ በጋሻና በዘንግ የሚደረግ፣ የራሱ ወግና ክብር ያለው፣ ከዚህ ስፖርት ጋር በእኩል የሚቆም ጨዋታ። ጥሩርና ራስ ቁር የሚሉትን ቃላት ደግሞ ከጳውሎስ መልእክት ጀምሮ እናውቃቸዋለን። የጎደለን የጦር ታሪክ አይደለም። በየአደባባዩ የአባቶቹን ጋሻና ጎራዴ ሥዕል ለጥፎ የሚፎክረው ፖለቲከኛ «ይህ የማን ጋሻ ነው? በስንት ዓመተ ምሕረት? ማስረጃህ የት አለ?» የሚለው መርማሪ አጥቷል። ሁሉም የራሱን ብሔር ጀግኖች ካሻው ዘመን ሰብስቦ፣ ራስ ቁሩን ከአንዱ፣ ጥሩሩን ከሌላው አድርጎ ያለብሳቸዋል። ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ጦርነት ያለቀውን ወጣት ስናስብ፣ ከዚያ በፊት ለዓመታት በየሚዲያው የተካሄደው የታሪክ ፉከራ ምን ያህል እንዳሰከረው የማያስታውስ የለም። የወደቀውን ወገን በወደቀበት የመምታት ልማድም አሁን ድረስ አለ፤ ሥልጣን የለቀቀ፣ ምርጫ የተሸነፈ፣ የታሰረ ሰው ዙሩ እስኪያልቅ በሰላም የሚቀመጥበት መሬት በፖለቲካችን ውስጥ አላየሁም።

ባለፈው ዓመት ሦስት ተማሪዎቼ ቢሮዬ መጥተው ይህን ስፖርት እዚህ መጀመር እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። የፈረንጅ ልብስ ሳይሆን የ16ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን የአገራችንን ጦረኛ ልብስ። አንጥረኛ አግኝተዋል፤ የብረት ዋጋ ሳይቀር ጠይቀዋል። እኔ ሁለት ነገር አዘዝኋቸው፤ ትግል እንዲለማመዱና ለእያንዳንዱ ዕቃ ማስረጃ እንዲያመጡ። ትግሉን በየቅዳሜው ጀመሩ። ማስረጃው ግን አስቸገረ። ከቅርሱ ብዙው ባሕር ማዶ ነው፤ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ጋሻ እንኳ በ2024 እንግሊዝ አገር ለጨረታ ሊቀርብ ሲል በስንት ጩኸት ነው የተነሣው። ስለዚህ ወደ ብራና ሥዕሎች ዞሩ። ቅዱስ ጊዮርጊስንና ቅዱስ መርቆሬዎስን በፈረስ ላይ የሚያሳዩ ሥዕሎችን እያነሡ፣ ልብሱ የሰማዕቱ ዘመን ነው ወይስ የሰዓሊው፣ ሰዓሊውስ ያየውን ሣለ ወይስ ከሌላ ሥዕል ቀዳ እያሉ ይከራከራሉ። ከሦስቱ ሁለቱ አሁን አይነጋገሩም፤ ሦስተኛው ግዕዝ መማር ጀምሯል። እስከ ዛሬ አንዲት ኪሎ ብረት አልተገዛም።